ፖስተሩ ተለጥፏል፤ ፓተንቱስ አመለጠ ወይ?

ጥያቄ፦ «የማቴሪያል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለቴሲሴ ውሃ የሚያጣራ ስስ ሜምብሬን ሠርቻለሁ። ላዩ ላይ የቀባሁት ሽፋን ቆሻሻ እንዳይለጠፍበት ያደርገዋል። ከሦስት ወር በፊት በአንድ ኮንፈረንስ ላይ በፖስተር አቅርቤዋለሁ። ዲፌንሴ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቴሲሱም ወዲያው በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። አማካሪዬ ‹ፓተንቱ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም› ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ዝም ብለሽ በራስሽ ስም አስገቢው፣ ማን ያውቃል› ይለኛል። ፓተንት ከጠየቅኩ ማሳተም እንደማልችልም ሰምቻለሁ። ማን ነው ልክ? ካገኘሁትስ በዓለም ሁሉ ይሠራልኛል?»

ሦስቱም ልክ አይደሉም። አማካሪሽ ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። የጓደኛሽ ምክር ገደል ይከታል። ስለ ማሳተም የሰማሽው ደግሞ ተገልብጦ የተነገረ ነው። የሚገርመው ግን ሁላችሁም የምትከራከሩት «የማን ነው?» በሚለው ላይ መሆኑ ነው። ያንቺ አጣዳፊ ችግር ቀኑ ነው። በባለቤትነት ላይ የተፈጠረ ስህተት በኋላም በውልና በደብዳቤ ሊስተካከል ይችላል። ያለፈ ቀን ግን በምንም አይመለስም።

ፓተንት፣ ማለትም ፈጠራሽን ሌላው እንዳይሠራው የመከልከል መብት፣ የሚሰጠው ማመልከቻው እስከገባበት ቀን ድረስ ለሕዝብ ላልተገለጠ ነገር ነው። የትም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን። ብዙ ተመራማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ የሚከለክላቸው የሌላ ሰው ሥራ ብቻ ይመስላቸዋል። የራስሽ ጽሑፍም፣ የራስሽ ፖስተርም አንቺው ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። «ጥቂት ሰው ነው ያየው» ማለትም አያድንም። በ2004 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከአኩሪ አተር ፋይበር ጋር የተያያዘ አንድ የምግብ ዝግጅት ዘዴ ቀርቦለት ነበር። ፈጣሪዎቹ 14 ስላይዶች ሰሌዳ ላይ ለጥፈው በአንድ የሙያ ጉባኤ ለሁለት ቀን ተኩል ያህል አሳይተዋል። ቅጂ አልታደለም፣ ቤተ መጻሕፍትም አልገባም። ማመልከቻው የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር። ፍርድ ቤቱ ስላይዶቹን እንደታተመ ጽሑፍ ቆጠራቸው፤ ፓተንቱም ቀረ።

ቴሲስም ከዚህ አይለይም። ያው ፍርድ ቤት በ1986 ባየው ሌላ ጉዳይ፣ በጀርመን ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በካታሎግ ተመዝግቦ የተቀመጠ አንድ የዶክትሬት ቴሲስ ፈጠራን ለመጣል በቂ ነው ብሏል። አንድ ቅጂ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ! ያንቺ ደግሞ በስልክ ተፈልጎ የሚገኝ ፋይል ነው የሚሆነው።

ታዲያ አለቀልኝ ማለት ነው? የለም። ሁለት ነገር ይወስነዋል። አንደኛው መብቱን የምትፈልጊው የት አገር ነው የሚለው ነው። አሜሪካ ፈጣሪው ራሱ ሥራውን ይፋ ካደረገ በኋላ የ12 ወር የእፎይታ ጊዜ ትሰጣለች፤ በዚያ ውስጥ ካመለከተ የራሱ ጽሑፍ አይቆጠርበትም። ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ካናዳም 12 ወር አላቸው። አውሮፓ ግን በዚህ ነገር ፊት አትሰጥም። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የሚቀበለው ሁለት ጠባብ ምክንያት ብቻ ነው፦ ሰው በድሎሽ ሚስጥርሽን ካወጣው፣ ወይም ሥራው በይፋ በታወቁ ጥቂት ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽኖች ላይ ከታየ። ለሁለቱም ቢሆን የሚሰጠው ስድስት ወር ነው። ተራ የሳይንስ ኮንፈረንስ ከነዚህ አይቆጠርም። ቻይናም ስድስት ወር አላት፤ ነገር ግን በሯ ጠባብ ስለሆነ በዚያ በኩል ብዙ ተስፋ አታድርጊ።

ከእፎይታ ጊዜው ጋር አንድ ወጥመድ አለ። ጃፓንና ካናዳ 12 ወሩን የሚቆጥሩት እነሱ ዘንድ ወይም በዓለም አቀፉ ማመልከቻ በኩል (በኋላ እመጣበታለሁ) እስክታስገቢ ድረስ ነው። ሌላ አገር ቀድመሽ ማስገባትሽ ቆጠራውን አያቆመውም። ስለዚህ «አሜሪካ አስገብቻለሁ፣ ገና ዓመት አለኝ» ብሎ መዝናናት ዋጋ ያስከፍላል። ሦስት ወሩ ሄዷል፤ የቀረሽ ዘጠኝ ነው። እሱም ቢሆን ከዚያ ሊያንስ ይችላል፤ ምክንያቱም ብዙ ኮንፈረንሶች የአጭር መግለጫዎቹን ጥራዝ ጉባኤው ከመጀመሩ ሳምንታት ቀድመው ኢንተርኔት ላይ ይለቁታል። ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ቀን ሊሆን ይችላል። አዘጋጆቹን ጠይቂና ትክክለኛውን ቀን ያዢ።

በዚህ እፎይታ የተረፉ ትላልቅ ፓተንቶች አሉ። የስታንፎርዱ ስታንሊ ኮኸን እና በሳንፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ኸርበርት ቦየር ጂን ቆርጦ በባክቴሪያ ውስጥ የማባዛት ዘዴያቸውን በኖቬምበር 1973 አሳተሙ። ማመልከቻው የገባው በኖቬምበር 1974 ነው፤ ዓመቱ ሊሞላ ቀናት ሲቀሩት። አሜሪካ ውስጥ ተሳካላቸው። ፓተንቱ በ1980 ተሰጠ። በ1997 እስኪያበቃ ድረስ ለመቶዎች ኩባንያዎች የመጠቀም ፈቃድ ተሰጥቶበት ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ። ከአሜሪካ ውጭ ግን መብት አላገኙም። የራሳቸው ጽሑፍ ቀድሟቸው ነበር።

ሁለተኛው ወሳኝ ነገር ፖስተሩ ላይ በትክክል ምን ተጽፏል የሚለው ነው። ያንቺ ጉዳይ የሚወሰነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ፋይሉን ክፈቺና እንደ ተቃዋሚ ጠበቃ ሆነሽ ቃል በቃል አንብቢው። ርዕሱ «ቆሻሻ የማይዘው አዲስ ሜምብሬን» ይላል እንበል። ግራፉም የውሃው ፍሰት ከብዙ ሰዓት በኋላ እንኳ እንደማይቀንስ ያሳያል። የሽፋኑ ኬሚካል ግን «ፖሊመር ሀ» ተብሎ ታልፏል። እንዲህ ከሆነ ያሳየሽው ውጤቱን ነው፤ እንዴት እንደተሠራ አልነገርሽም። የሙያው ሰው ፖስተሩን ብቻ ይዞ ሜምብሬኑን መሥራት ካልቻለ ገና የምታስከብሪው ነገር አለ። አደጋው ያለው ብዙውን ጊዜ ከታች በግራ፣ በደቃቅ ፊደል በተጻፈችው «ዘዴ» የምትባል ሳጥን ውስጥ ነው። ተማሪ ይህችን ሳጥን በቅን ልቦና ነው የሚሞላት። የፖሊመሩ ስም፣ የሟሟው መጠን በመቶኛ፣ ስንት ዲግሪ ላይ ስንት ሰዓት እንደደረቀ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ጥግ ላይ የለጠፍሽው ኪው አር ኮድ ካለም የት እንደሚወስድ እይው። ሙሉውን የሙከራ ፋይል የሚከፍት ከሆነ ፖስተሩ ላይ እንደተጻፈ ቁጠሪው።

ፖስተሩ ላይ ያልነበረ ነገር ሁሉ ተረፈ ማለት ግን አይደለም። አውሮፓን ጨምሮ በአብዛኛው ዓለም ፈጠራው አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ለሙያው ሰው በቀላሉ የሚታየው መሆንም የለበትም። ፖስተሩ 60 ዲግሪ ብሎ አንቺ 65 ብትዪ የፓተንት ቢሮው መርማሪ ይስቅብሻል። በሌላ በኩል ከኮንፈረንሱ ወዲህ ባሉት ሦስት ወራት የሠራሽው ነገር ሊኖር ይችላል። ለምሳሌ ሽፋኑ በክሎሪን ሲታጠብ እንዳይላጥ የሚያደርግ ተጨማሪ ንብርብር አግኝተሽ ከሆነ፣ ምናልባት እውነተኛው ፓተንትሽ እሱ ነው። እሱን ለማንም አታሳዪ።

ስለዚህ ዲፌንሱ የሚያሳስበኝ ከፖስተሩ በላይ ነው። ፖስተሩ ያለፈ ነገር ነው፤ ዲፌንሱ ግን ገና በእጅሽ ነው። ክፍት ዲፌንስ ማንም ገብቶ የሚሰማው ስለሆነ ይፋ መግለጥ ነው። ማመልከቻው እስከዚያ ካልደረሰ በዝግ እንዲደረግ ጠይቂ፤ ፈታኞቹም ሚስጥር የመጠበቅ ስምምነት ይፈርሙ። ቴሲሱ ለተወሰነ ጊዜ ታግዶ እንዲቆይ የሚፈቅዱ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው፤ ቅጹ ካለ ከማስረከብሽ በፊት ሙዪው። የቴሲሱ አጭር መግለጫ ግን ዋናው ፋይል ታግዶም ይፋ ሊወጣ ይችላል። እሱ ላይ የፖሊመሩን ስም አትጻፊ።

«ፓተንት ከጠየቅሽ ማሳተም አትችይም» የሚለው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል። ማመልከቻው በገባ ማግስት ጽሑፍሽን ለጆርናል መላክ ትችያለሽ። ማመልከቻው ራሱም ከመጀመሪያው ቀን 18 ወር ሲሞላው በፓተንት ቢሮው ይታተማል። ጉዳቱ አስቀድሞ ማሳተሙ ላይ ነው። ጆርጅ ኮህለር እና ሴዛር ሚልሽታይን በካምብሪጅ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ (አንድን ዒላማ ብቻ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል) የማምረቻ ዘዴያቸውን በ1975 ሲያሳትሙ በስማቸው የገባ የፓተንት ማመልከቻ አልነበረም። በ1984 ኖቤል ተሸለሙ። ዘዴው ለማንም ክፍት ሆነ፤ ብዙ ኩባንያዎችም በሱ ላይ ትልቅ ንግድ ገነቡ። ይህ ለሳይንስ ኪሳራ ነበር ብዬ አልከራከርም፤ እንዲያውም ለሳይንስ ሳይጠቅም አልቀረም። ግን ክፍት እንዲሆን አስቦ መተውና ሳያስቡ ማምለጡ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ባለቤትነቱ። እናንተ ዘንድ ደራሲ፣ ፈጣሪና ባለቤት ተደባልቀዋል። ጆርናል ላይ ስም ማስገባት በመከባበርም በልምድም ሊሆን ይችላል። ፓተንት ላይ ግን ፈጣሪ የሚባለው ሐሳቡን በማፍለቅ የተሳተፈ ሰው ብቻ ነው። ናሙናሽን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሳልሽ ቴክኒሺያን፣ የምርምር ገንዘቡን ያመጣው ኃላፊ፣ በዚህ ብቻ ፈጣሪ አይሆኑም። አማካሪሽ «ይህን ፖሊመር ከዚያኛው ጋር አዋህጂው» ብሎ ካመጣው እሱም ፈጣሪ ነው። «በርቺ፣ ጥሩ እየሄድሽ ነው» ብቻ ካለ አይደለም። የጉግል መነሻ የሆነው፣ ድረ ገጾችን በደረጃ የሚያስቀምጠው የፔጅራንክ ዘዴ ፓተንት ላይ ከሁለቱ የጉግል መሥራቾች በፈጣሪነት የሰፈረው ላሪ ፔጅ ብቻ ነው፤ ስለ ፍለጋ ሞተሩ የታተመው የታወቀው ጽሑፍ ላይ ግን ሰርጌ ብሪንም አለ። ባለቤቱ ደግሞ ከሁለቱ አንዱም አልነበረም፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ፔጅ ያኔ ተማሪ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለፈቃዱ የተቀበለውን አክሲዮን ሸጦ 336 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አግኝቷል።

ባለቤቱን የሚወስኑት የአገሩ ሕግና አንቺ የፈረምሽው ወረቀት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በ1980 የወጣው የቤይ-ዶል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የተገኙ ፈጠራዎችን እንዲይዙ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ታዲያ መብቱ በራሱ ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄድ ይመስለዋል። አይሄድም። አንድ የስታንፎርድ ተመራማሪ ለዩኒቨርሲቲው «ወደፊት አስተላልፋለሁ» የሚል ወረቀት ፈረመ። በኋላ በአንድ ኩባንያ ላብራቶሪ ለመሥራት ሲሄድ «በዚህ ውል አስተላልፌያለሁ» የሚል ፈረመ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2011 ስታንፎርድ ተሸነፈ። ጀርመን የፕሮፌሰሮችን የግል መብት በ2002 አንስታ ለዩኒቨርሲቲው ሰጥታለች። ስዊድን ግን እስካሁን ለመምህሩ ትተዋለች። ተማሪ ደግሞ ለብቻው ነው። ደመወዝ የማይከፈለው ተማሪ ተቀጣሪ ስላልሆነ በብዙ አገር ፈጠራው የራሱ ነው፤ ሲመዘገብ መብቱን አሳልፎ የሰጠበት ፊርማ ከሌለ በቀር። የፕሮጀክት ገንዘብ ወይም የኩባንያ ስፖንሰር ካለ ደግሞ የነሱ ውል ይቀድማል። የምዝገባ ሰነድሽንና የስኮላርሺፕ ውልሽን አውጥተሽ አንብቢ። አማካሪሽ ስላለ ብቻ እውነት አይሆንም፣ ስላለ ብቻም ውሸት አይሆንም።

«አይመለከትሽም» ያለው ግን በፍጹም ስህተት ነው። ዩኒቨርሲቲው ባለቤት ቢሆን እንኳ ፈጣሪነትሽ አይፋቅም፤ ስምሽ ፓተንቱ ላይ መስፈር አለበት። ከገቢውም ድርሻ አለ። ጀርመን ውስጥ ሕጉ ራሱ ከገቢው 30 በመቶ ለፈጣሪው ይሰጣል። ስታንፎርድ በተለምዶ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ ለሦስት ይከፍለዋል፦ ለፈጣሪው፣ ለትምህርት ክፍሉና ለኮሌጁ። የናንተ ዩኒቨርሲቲ ስንት እንደሚሰጥ ፖሊሲው ላይ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

የጓደኛሽን ምክር ደግሞ ከነጭራሹ ተዪው። አማካሪሽ የእውነት ፈጣሪ ከሆነ እሱን ደብቆ ማስገባት ፓተንቱን ሊያፈርሰው ይችላል። ዩኒቨርሲቲው ባለቤት ከሆነም የሌላውን ንብረት በስምሽ አስገብተሻል ማለት ነው። «ማን ያውቃል» ላለው፣ ማመልከቻው ከነስምሽ በ18 ወሩ ታትሞ ዓለም ሁሉ ያየዋል። ከዚያ በኋላ ፈቃድ ሊገዛ የሚመጣ ኩባንያ የመጀመሪያ ሥራው ይህንኑ ማጣራት ነው። የተጠረጠረ ፓተንት ማንም አይነካም።

በዓለም ሁሉ ይሠራል ወይ ላልሽው፣ የዓለም ፓተንት የሚባል ነገር የለም። መብቱ በየአገሩ ነው። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ካስገባሽ በኋላ በሌሎች አገሮች ያንኑ ቀን ይዘሽ ለማስገባት 12 ወር አለሽ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ150 በላይ አገሮች በፈረሙት የፓተንት ትብብር ስምምነት በኩል አንድ ዓለም አቀፍ ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል። እሱ የሚሰጥሽ ጊዜ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአብዛኛው 30 ወር። ከዚያ ግን በየአገሩ መክፈል፣ ማስተርጎም፣ መከራከር አለ። ፓተንቱ ከተሰጠም በኋላ በየጊዜው የማቆያ ክፍያ ካልተከፈለ ይወድቃል። ተከፍሎም ቢሆን ካመለከትሽበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው።

ፓተንት ደግሞ የመሥራት ፈቃድ አይደለም። ሌላው እንዳይሠራው የመከልከል መብት ነው። ግቢሽን ማጠር ትችያለሽ፤ ወደ ግቢሽ የሚወስደው መንገድ በሌላ ሰው ይዞታ የሚያልፍ ከሆነ ግን እሱን ማስፈቀድ አለብሽ። የሽፋንሽ መሠረት የሆነው ፖሊመር በሌላ ሰው ፓተንት የተያዘ ከሆነ፣ ያንቺን አግኝተሽም ሜምብሬኑን መሸጥ ላትችዪ ትችያለሽ። ይህን የሚመረምር ለብቻው የሚሠራ ፍተሻ አለ። ለዛሬ አያስፈልግሽም፤ ኩባንያ ልታቋቁሚ ስታስቢ ግን የግድ ነው።

ስለ ገንዘቡ ካነሳሁ አይቀር፣ ኮኸን እና ቦየርን አይተሽ አትጓጊ። ብዙው የዩኒቨርሲቲ ፓተንት የራሱን ወጪ እንኳ አይመልስም። የቴምብር ስፋት ያለው ናሙና ላብ ውስጥ በንጹህ ውሃ መሥራቱና በሜትር የሚጠቀለል ሜምብሬን በቆሻሻ ውሃ ዓመታት መቆየቱ በጣም ይራራቃሉ። ያንን ርቀት ወጪ አውጥቶ የሚሞላ ኩባንያ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ፓተንት ካለ ነው። ማመልከቱ ተገቢ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ምክሬ አንድ ነው። በዚህ ሳምንት ከአማካሪሽ ጋር ተቀምጣችሁ የፈጠራ ማሳወቂያ ቅጹን ሙሉና የዩኒቨርሲቲውን ፈጠራዎች ፓተንት ለሚከታተለው የቴክኖሎጂ ሽግግር ቢሮ ስጡ። ማመልከቻው ከዲፌንሱ በፊት እንዲገባ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የዲፌንሱን ቀንና ፖስተሩ የታየበትን ቀን ቅጹ ላይ በግልጽ አስፍሩ። ፖስተሩን ለመደበቅ አትሞክሩ፤ የፓተንት ጠበቃው ማወቅ ካለባቸው ነገሮች የመጀመሪያው እሱ ነው። የላብ ደብተርሽን ገጾች ከነቀናቸው ቅጂ አድርጊ። ማን ምን ሐሳብ እንዳመጣም አሁን፣ ገና ሳትጣሉ፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙበት።

በጥድፊያ የሚገባ ማመልከቻም የራሱ ችግር አለው። አሜሪካ ውስጥ ጊዜያዊ ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል፤ ለ12 ወር ቀኑን ይይዝልሻል፣ አይመረመርም። የሚይዝልሽ ግን ውስጡ የተጻፈውን ብቻ ነው። ፖስተሩን እንዳለ አያይዞ መላክ ሁሉንም ያስያዘ ይመስላል እንጂ ፖስተሩ ላይ ካለው በላይ ምንም አይዝም። አንድ ፖሊመር ብቻ ሞክረሽ «ማንኛውም ፖሊመር» ብለሽ ብትጠይቂም መርማሪው ያጠብብሻል። ስድስቱን ሳምንት ተጠቀሚበት። ሁለት ሦስት ተቀራራቢ ፖሊመሮችን ሞክሪ፣ የማይሠራበትን የሙቀት ወሰን ፈልጊ፣ ያልተቀባውን ሜምብሬን ጎን ለጎን ለክተሽ አስቀምጪ።

ቢሮው «አንፈልገውም» ሊል ይችላል። ይህ የተለመደ ነው፤ በጀታቸው ሁሉንም አይችልም። ያኔ መብቱን ለፈጣሪዎቹ መልቀቃቸውን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ጠይቂ፤ የምርምሩ ገንዘብ ሰጪ ካለም የሱ ስምምነት እንዲጨመርበት አድርጊ። ደብዳቤው እጅሽ ሲገባ ነው በራስሽ ስም ማስገባት የምትችዪው። መልሳቸው ከዲፌንሱ በፊት ካልደረሰ ደግሞ የዲፌንሱን ቀን አስገፊው።